ስኪንድሬድን የሚያውቅ አለ? ከኒውፖርት የተነሣው ባንድ እንዴት እስካሁን ቆየ?

የፒያሳው ተሽቀዳዳሚ (ርዕሱን የከፈተው)

ነገሩ የሚጀምረው ከጌም ቤት ነው፤ አትሳቁብኝ። እ.ኤ.አ. በ2005 ገደማ ከትምህርት ቤታችን በስተጀርባ አምስት ኮምፒውተር ያላት ጠባብ ጌም ቤት ነበረች። ሁላችንም የምንሻማው «ኒድ ፎር ስፒድ አንደርግራውንድ 2» የተባለውን የመኪና ሽቅድምድም ለመጫወት ነበር። ከጨዋታው ዘፈኖች አንዱ በመጣ ቁጥር ግን እኔ መኪናዬን ከግድግዳ ጋር አላትም ነበር። አንድ ሰው በጃማይካ ዘዬ እንደ ሐራጅ ጠሪ ይለፈልፋል፤ ወዲያው ጊታሩ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ በላዩ ላይ ይወርድበታል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ሁለት ዘፈን በአንድ ጊዜ የከፈተ መስሎኝ ነበር። የቤቱ ባለቤትም ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ «ቀንሱ፣ ጎረቤት ሊከሰኝ ነው!» ይል ነበር።

ከሃያ ዓመት በኋላ ባለፈው ሳምንት ታክሲ ስጠብቅ ዜማው ትዝ አለኝና ፈልጌ አገኘሁት። ባንዱ ስኪንድሬድ፣ ዘፈኑ «ኖባዲ» ይባላል። ሰዎቹ ጃማይካውያን አይደሉም፤ አሜሪካውያንም አይደሉም። ከዌልስ ናቸው፣ ኒውፖርት ከምትባል ከተማ። ከሁሉ ያስደነቀኝ ይህ አንደርግራውንድ ባንድ እስካሁን መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጡት «ስማይል» የተባለው አልበም በብሪታንያ የአልበሞች ደረጃ 2ኛ ወጥቷል። እኔ የማውቃቸው የዚያ ዘመን የኑ ሜታል (ከባድ ጊታርን ከራፕ ጋር የሚቀላቅል ሙዚቃ) ባንዶች ግማሾቹ ፈርሰዋል፣ ግማሾቹ ደግሞ የድሮ ዘፈናቸውን እየዞሩ ይሸጣሉ። እነዚህ በስተርጅና እንዴት ወደ ላይ ወጡ? የሚያውቅ ያጫውተኝ።

ባለካሴቱ

ልጄ፣ የጀመርከው ከመሐል ነው። ታሪኩን ከሥሩ ልንገርህ።

ከስኪንድሬድ በፊት ደብ ዋር የሚባል ባንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 እዚያው ኒውፖርት ተቋቋመ፤ ድምፃዊው ያው አንተ የሰማኸው ቤንጂ ዌብ ነው። ዓመቱን ልብ በል። የአሜሪካው የኑ ሜታል ባንድ ኮርን የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው በ1994 ነው። ስለዚህ ኑ ሜታል የሚለው ስም ገና በየመጽሔቱ ሳይለጠፍ በፊት እነዚህ የዌልስ ልጆች ፐንክን፣ ሬጌንና ከባድ ጊታርን አንድ ድስት ውስጥ ጨምረው እያማሰሉ ነበር። ከአሜሪካ ቀዱ የሚላቸው ሰው የቀን መቁጠሪያ ይግዛ።

እኔ ያኔ እንግሊዝ አገር ተማሪ ነበርኩ። የደብ ዋርን «ፔይን» የተባለ የ1995 አልበም በካሴት የገዛሁት ከአንድ ያገለገለ ዕቃ ሻጭ ነው። ሽፋኑ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተለጥፏል። ሻጩ የሬጌ ሳጥን ውስጥ ነበር ያስቀመጠው። እኔ ሬጌ መስሎኝ ገዛሁ። ማታ ክፍሌ ገብቼ ስከፍተው የታችኛው ፎቅ ሰውዬ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድብ ጀመር። በማግስቱ ካሴቱን ልመልስ ይዤው ወጣሁ፤ መንገድ ላይ በጆሮ ማዳመጫ አንድ ጊዜ ልስማው ብዬ ሰማሁትና ሳልመልሰው ቀረሁ። ዛሬም አለኝ።

እንግዲህ የዚህ ባንድ ዕጣ ያቺ ሳጥን ናት። አልበሙን ያወጣላቸው ኢርኤክ የተባለው የኖቲንግሃም ኩባንያ ነው፤ ኔፓም ዴዝን የመሰሉ እጅግ ጨካኝ ባንዶች የሚያሳትም ቤት። የኢርኤክ ደንበኞች ሬጌውን አልወደዱትም፤ የሬጌ ሰዎች ጊታሩን ሸሹት። በ1996 «ኤነሚ ሜከር» የተባለው ነጠላ ዜማቸው በብሪታንያ ደረጃ 41ኛ ሆነ። በዚያ ዘመን ለ41ኛና ለ40ኛ ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነበር። እሑድ ከሰዓት በሬዲዮ የሚቆጠረው እስከ 40 ብቻ ነበር። አንዲት ደረጃ ጎድሏቸው አገሩ ሳይሰማቸው ቀረ። በዚያው ዓመት ሁለተኛ አልበማቸውን አወጡ፤ በ1999 ባንዱ ፈረሰ። ቤንጂም በስኪንድሬድ ቀጠለ።

ድራም መቺው

ጋሼ፣ ታሪኩን አሳምረው ነገሩን፤ ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልቃወምዎት። ስኪንድሬድን ኑ ሜታል ማለት እንጀራን ፓንኬክ ማለት ነው። ክብ ነው፣ ዓይን አለው፣ ግን አይደለም።

እኔ በሠርግና በሆቴል የምጫወት ከበሮ መቺ ነኝ፤ ስለዚህ ነገሩን በከበሮ ላስረዳ። በሬጌ ውስጥ ዋን ድሮፕ የሚባል አመታት አለ። እስከ አራት ስትቆጥሩ አንደኛው ምት ላይ ማንም የለም፤ ባዶ ነው። ትልቁ ከበሮ የሚወርደው ሦስተኛው ላይ ነው። ጊታሩ በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ «ጭቅ» ብሎ አፉን ይዘጋል። ሜታል ተቃራኒው ነው፤ አንድ ስትሉ ከበሮውም ባሱም ጊታሩም ተያይዘው ይወድቁባችኋል። ሁለቱን ለማጋባት የሚሞክር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው አንዱን ከአንዱ ጎን መስፋት ነው፤ ስምንት ቁጥር ሬጌ፣ ስምንት ቁጥር ጩኸት። ስፌቱ ይታያል።

«ኖባዲ»ን ትናንት በጆሮ ማዳመጫ አሥር ጊዜ ያህል ሰማሁት። ስፌቱን የሚደብቀው ድምፃዊው ነው። ጊታሩ ሲከብድ እሱ አይከብድም፤ በዚያው በዳንስሆል፣ ማለትም በጃማይካ የጭፈራ ሙዚቃ፣ ቅልጥፍናው ይቀጥላል። በጃማይካ ዲጄ ማለት ሸክላ የሚያጫውተው ሰው አይደለም፤ ሸክላ የሚያጫውተው ሴሌክተር ይባላል። ዲጄው በዜማው ላይ ማይክ ይዞ የሚለፈልፈው፣ የሚፎክረው፣ ታዳሚውን የሚነካካው ነው። ቤንጂ ዌብ እንዲህ ያለ ዲጄ ነው፤ ከጀርባው ግን ሸክላ ሳይሆን የሜታል ባንድ ተቀምጧል። የኑ ሜታል ራፐሮች ስለ ልጅነት ቁስላቸው ሲያለቅሱ እሱ ይፎክራል። ቀረርቶ ነው እንጂ ሙሾ አይደለም።

ባለካሴቱ

ድራም መቺው፣ ተረታሁ፤ «ሙሾ አይደለም» ያልከውን ወስጄብሃለሁ። ነገር ግን ከኑ ሜታል ሰፈር ሙሉ በሙሉ አታውጣው። ሰውየው በ1998 በወጣው ሶልፍላይ የተባለው የሜታል ባንድ የመጀመሪያ አልበም ላይ በሁለት ዘፈን ድምፁን ሰጥቷል። የዚያ አልበም አዘጋጅ ሮስ ሮቢንሰን ነው፤ የኮርንን የመጀመሪያ አልበም ያዘጋጀው ያው ሰው። ከባስ ተጫዋቹ ከሮበርት ትሩሂዮ ጋርም፣ ሜታሊካ ባንድ ከመግባቱ በፊት ማለት ነው፣ ማስ ሜንታል የሚባል ባንድ ነበራቸው። ቤቱ ሌላ ቢሆንም ቡና የሚጠጣው ከእነሱ ጋር ነበር።

ጥያቄ አለኝ

ይቅርታ፣ አዲስ ነኝ። «አንደርግራውንድ» ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው? ቢልቦርድ (የአሜሪካው የሙዚቃ ደረጃ ዝርዝር) ላይ የወጣ፣ ጌም ላይ የገባ ባንድ እንዴት የምድር ቤት ባንድ ይባላል?

የፒያሳው ተሽቀዳዳሚ

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ እንደገባኝ ዘፈኑን ብዙ ሰው ሰምቶታል፤ የባንዱን ስም ግን ማንም አያውቀውም። እኔ ራሴ ሃያ ዓመት ፈጀብኝ።

የኡስክ ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምኖረው እዚያው ኒውፖርት ነው፤ ስምንት ዓመት ሆነኝ፣ ነርስ ነኝ። ሜታል አልወድም፣ ራሴን ያመኛል። ከተማውን ግን አውቀዋለሁና ስለ ከተማው ልናገር።

ከካርዲፍ በባቡር ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ሰው አልፎት ይሄዳል እንጂ አይወርድበትም። መሐሉን የኡስክ ወንዝ ያልፋል፤ ውኃው ከባሕሩ ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ ጠዋት ሙሉ ሆኖ ያየኸው ወንዝ ከሰዓት በኋላ ቡናማ ጭቃ ብቻ ይሆናል። በላዩ ላይ እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራ እንግዳ ድልድይ አለ። መኪናና ሰው የሚሻገሩት በመንገድ ላይ ሳይሆን ከላይ በገመድ በተንጠለጠለ መድረክ ላይ ነው። ወደብ ነበረ፤ የድንጋይ ከሰልና ብረት ይጫንበት ነበር። በወደቡ ምክንያት ከካሪቢያን፣ ከየመን፣ ከሶማሊያ የመጡ መርከበኞች በፒል ሰፈር ሰፍረዋል። እኔ የምሠራበት ክፍል ውስጥ የጃማይካ ተወላጅ የሆኑ አንዲት ሽማግሌ እናት አሉ፤ እንግሊዝኛቸው ግማሹ ኪንግስተን ግማሹ ዌልስ ነው። መጀመሪያ ቀን «ፍቅሬ፣ ሻይ አምጪልኝ» ሲሉኝ በሁለት አገር ዜማ ነበር። ይህን ዘፈን ስሰማ ትዝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። የሰውየው ዘዬ የተቀላቀለው ስቱዲዮ ውስጥ ሳይሆን ሰፈር ውስጥ ነው ማለቴ ነው።

የላንወርን ብረታ ብረት ፋብሪካም ነበር። በ2001 ብረት የሚቀልጥበት ክፍል ተዘጋ። ከባልደረቦቼ የሁለቱ አባት እዚያ ሠራተኞች ነበሩ።

ጋሼ ባለካሴቱ ያልነገሩን አንድ ነገር ልጨምር። ደብ ዋር ከብዙ ዓመት በኋላ ተሰብስቦ በ2022 «ዌስትጌት አንደር ፋየር» የሚል አልበም አውጥቷል። ዌስትጌት እኔ አውቶቡስ ከምጠብቅበት ጥቂት እርምጃ የሚርቅ ሆቴል ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1839 የመምረጥ መብት የጠየቁ በሺዎች የሚቆጠሩ ማዕድን ቆፋሪዎችና ብረት ሠራተኞች ከሸለቆዎቹ ወርደው፣ ዝናብ እየደበደባቸው፣ ወደዚያ ሆቴል መጡ። ውስጥ የነበሩት ወታደሮች ተኮሱባቸው፤ ከሃያ በላይ ሰው ሞተ። ቻርቲስቶች ይባላሉ። መሪያቸው ጆን ፍሮስት ሞት ተፈርዶበት ኋላ ወደ ሩቅ ግዞት ተለወጠለት። እንግዲህ ባንዱ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ሲመለስ ለአልበሙ የመረጠው ስም ይህ ነው። ሙዚቃውን ባልወደውም እዚህ ላይ ወደድኳቸው።

ባለካሴቱ

እህቴ የኡስክ ማዶ፣ እግዜር ይስጥሽ። እኔ ያን ጊዜ ኒውፖርት ሁለት ጊዜ መጥቼ ነበር፤ ክላረንስ ፕሌስ ላይ ቲጄስ የሚባል ክበብ ነበር። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወለሉ ቢራ የጠጣ፣ ጫማ የሚይዝ። በዘጠናዎቹ መጽሔቶች ከተማዋን አዲሲቷ ሲያትል (የሮክ ባንዶች መፍለቂያ የነበረችው የአሜሪካ ከተማ) እያሉ ይጽፉ ነበር። አልሆነችም እንጂ። ክበቡም ዛሬ የለም።

ሻሸመኔ 77

ስለ «ባቢሎን» አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። የስኪንድሬድ የመጀመሪያ አልበም ስሙ ይህ ነው። በ2002 ወጣ፣ ከዚያ በ2004 ቢለር ብራዘርስ የሚባል የፍሎሪዳ ኩባንያ በአሜሪካ እንደገና አወጣው። ለራስተፈርያን ባቢሎን ማለት በመጽሐፍ ቅዱስ ያለችው ከተማ ብቻ አይደለችም፤ የሚጨቁነው ሥርዓት ሁሉ ነው፤ ፖሊሱ፣ ባንኩ፣ ቅኝ ገዢው። ያ እምነት ስሙን ያገኘው ደግሞ ከእኛው ከራስ ተፈሪ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1930 ዘውድ ከጫኑ በኋላ ጃማይካ ውስጥ የተወለደ እምነት ነው። በ1966 ኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ የጠበቃቸውን ሕዝብ ፎቶግራፍ ያላየ የለም። እኔ ያደግሁት ከጃማይካ ሰፈር ሁለት ጎዳና ወዲህ ነው። ስለዚህ የዌልስ ሜታል ባንድ አልበም ሽፋን ላይ ያን ቃል ሳይ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ነው የሚሰማኝ።

ድራም መቺው

ዘመድነቱ ልክ ነው፤ ግን ረጅም ነው። ሰባት ቤት ቆጥረህ የምትደርስበት ዓይነት። በግጥማቸው ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር ስብከት አይደለም፤ ጭፈራ፣ ዛቻ፣ የመድረክ ወሬ ነው። የራስተፈርያን ቃላት ለሬጌ ዘፋኝ ሁሉ የጋራ ቋንቋ ሆነዋል። «ባቢሎን» ያለ ሁሉ ሻሸመኔ ሊመጣ ዕቃውን አልሸከፈም።

ሻሸመኔ 77

ዕቃውን ባይሸክፍም ቃሉን ይዞታል። ይበቃኛል።

ደግሞ ስለ ሳጥን ላወራችሁት፣ «ባቢሎን» በአሜሪካ በቢልቦርድ የሬጌ አልበሞች ዝርዝር ውስጥ ነው የገባው። በሜታል ሬዲዮ እየተጫወተ በሬጌ ተቆጠረ። የጋሼ ካሴት የተገኘባት ሳጥን አትላንቲክን ተሻግራ ጠበቀቻቸው።

መዝገበ ጩኸት

ይህን ክር ዛሬ ነው ያየሁት፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ ማለትም ሌሎቹ ሲወድቁ እነዚህ እንዴት ቆዩ የሚለውን ማንም አልመለሰም። በጉርምስናዬ የብሪታንያ ኑ ሜታል በሽታ ነበረብኝና እኔ ልመልስ።

ዋን ሚኒት ሳይለንስ፦ መቀመጫው ሎንዶን፣ ድምፃዊው ከአየርላንድ ቲፐሬሪ። በ1998፣ በ2000 እና በ2003 ሦስት አልበም አወጡ፤ ሦስተኛው በወጣበት ዓመት ተበተኑ። ለእኔ ከሁሉም የሚያስቆጨኝ ይህ ነው። ቁጣቸው የእውነት ነበር፤ ኩባንያዎቹ ግን የሚፈልጉት ቆንጆ ቁጣ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ አልበም ይዘው ብቅ አሉ።

ቬክስ ሬድ፦ ከአልደርሾት፣ ከወታደሮቹ ከተማ። ጋሼ የጠቀሱት ሮስ ሮቢንሰን ራሱ ነው አልበማቸውን ያዘጋጀው፤ በራሱ ማሳተሚያ በኩል በ2002 ወጣ። ረጅም ስም ያለው፣ ጨለማ፣ ውብ አልበም። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመት ጸጥ። አንድ ወፍራም ገንዘብ፣ አንድ ታዋቂ አዘጋጅ፣ አንድ አልበም፣ በቃ።

ሬጂንግ ስፒድሆርን፦ ከኮርቢ። ይህችም የብረት ከተማ ናት፤ እሷም ማቅለጫዋ በ1980 ተዘግቶባታል። ሁለት ጯሂ ድምፃውያን ነበሯቸው። በ2008 ፈረሱ፣ በ2014 ተመለሱ። እነዚህ ኑ ሜታል የተባሉት በዘመኑ ስለተገኙ እንጂ ጭቃ ውስጥ የሚንከባለል ሌላ ነገር ነው የሚጫወቱት።

ፒችሺፍተር፦ ከኖቲንግሃም። ጊታርን ከድራም ኤንድ ቤዝ (ፈጣን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ) ጋር ያጋቡ። በ1998 የድረ ገጻቸውን አድራሻ እንዳለ የአልበም ስም አደረጉት። ያኔ ስንቱ ሰው ኢንተርኔት ነበረው?

እንግዲህ ጥያቄህን፣ ተሽቀዳዳሚው፣ በዚህ መዝነው። ኑ ሜታል ፋሽን በነበረበት ጊዜ ኩባንያዎች ገንዘብ ረጩ፤ ፋሽኑ በ2003 ገደማ ሲያልፍ ገንዘቡን ሰብስበው ሄዱ፤ በገንዘቡ ላይ የቆመ ሁሉ ወደቀ። ስኪንድሬድ ግን ፋሽኑ ሲሞት ገና አሜሪካ ውስጥ አልበሙን ለማስወጣት ወረፋ ላይ ነበር። ዘግይቶ መድረሱ አተረፈው። ገበያው ተዘግቶ ነው የደረሰው፤ ስለዚህ መንገድ ዳር ቸርችሮ መኖርን ከመጀመሪያው ለመደ።

የፒያሳው ተሽቀዳዳሚ

መንገድ ዳር መቸርቸር ስትል ኮንሰርት ማለትህ ነው?

መዝገበ ጩኸት

አዎ። ቫን ውስጥ ተኝቶ፣ ሁለት መቶ ሰው ባለበት አዳራሽ ሁለት ሺህ ሰው እንዳለ አድርጎ መጫወት። ቀን ላይ፣ ፀሐይ ሰው ሲያጠወልግ፣ ፌስቲቫል ላይ ወጥቶ የማያውቃቸውን ሰው ማስጨፈር። በ2011 ኬራንግ የተባለው የሮክ መጽሔት ለሙዚቃ ታማኝነት የሚሰጠውን ሽልማት ለእነሱ ሰጠ። ምርጥ አልበም አላለም፣ ምርጥ ባንድ አላለም። «አልተዋችሁም» ነው ያላቸው። እንዲህ ያለ ሽልማት እንደ ጡረታ ደብዳቤ ነው አብዛኛውን ጊዜ። እነሱ ግን ጡረታ አልወጡም።

ማሕደር ዘለንደን

እዚህ ላይ እኔ ልግባ፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 ዌምብሌይ አሬና ሲጫወቱ ነበርኩ። የሥራ ባልደረባዬ ትኬት ተርፎት ነው የወሰደኝ፤ አንድም ዘፈናቸውን አላውቅም ነበር። አዳራሹ አሥራ ሁለት ሺህ ተኩል ሰው ይይዛል። ጥቁር ካናቴራ የለበሱ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰዎች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ ጭነው መጥተዋል። ልጆቹ ትልልቅ የጆሮ መከላከያ አድርገዋል፤ ከአጠገቤ ያለችው ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ሮዝ ነበር የእሷ።

ቤንጂ ዌብ ሲወጣ የለበሰው ልብስ ያብረቀርቃል፤ መነጽር፣ ቀለበት፣ ካባ። የሜታል ሰው አይመስልም፤ የሠርግ ሽማግሌና የሰርከስ አስተናጋጅ አንድ ላይ ነው የሚመስለው። ይሳደባል፣ ያሾፋል፣ ፊት ለፊት የቆመውን ሰውዬ «አንተ፣ እጅህን ለምን ኪስህ ውስጥ ከተትክ?» ዓይነት ነገር ይለዋል። ሰውዬው እጁን ያወጣል። እኔም ሳላስበው የኔን አወጣሁ።

መጨረሻ አካባቢ የኒውፖርት ሄሊኮፕተር የሚሉትን አደረጉ። ሁሉም ሰው ካናቴራውን፣ ሻርፑን፣ ያገኘውን ጨርቅ አውልቆ ይይዛል። ሙዚቃው ዝቅ ይላል፣ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል። ከዚያ ጊታሩ ሲወርድ አዳራሹ በሙሉ ጨርቁን ከራሱ በላይ ያሽከረክራል። ከላይ ወንበር ላይ ሆኜ ሳየው በሺዎች የሚቆጠር ጨርቅ ይዞራል፤ ነፋሱ ፊቴ ላይ ደረሰ። ላብ ላብ የሚል ነፋስ ነው፤ ግን ነፋስ ነው። ያቺ ስድስት ዓመት ልጅ የጆሮ መከላከያዋን አውልቃ እሱን ልታሽከረክር ስትሞክር አባቷ ቀማት፤ በምትኩ ካልሲውን ሰጣት።

እኔ ደግሞ ሻርፕ ስላልነበረኝ ነጠላዬን ነው ያሽከረከርኩት። ብርድ ፈርቼ ከካፖርቴ ሥር ደርቤው ነበር። ከኋላዬ ያለው ጎረምሳ ጥለቱን አይቶ «የየት ባንድ ነው?» አለኝ።

የኡስክ ማዶ

ማሕደርዬ፣ ምን ብለሽ መለስሽለት?

ማሕደር ዘለንደን

የእናቴ ነው አልኩት።

ድራም መቺው

በጣም ደስ ይላል፤ ግን የሞቀውን ላቀዝቅዘው። 2ኛ ደረጃ፣ 2ኛ ደረጃ እያልን ባናጋንነው። ዛሬ በብሪታንያ የአልበም ደረጃ የሚሰጠው በሳምንት ሽያጭና በኢንተርኔት በተደመጠው ብዛት ነው። ታማኝ ደጋፊ ያለው ባንድ አልበሙ በወጣበት ሳምንት ደጋፊዎቹ ሸክላውንም ሲዲውንም አንድ ላይ ከገዙ ላይ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ሙዚቃው አገሩን አሸነፈ ማለት አይደለም። «ስማይል»ንም ሰማሁት፤ ግማሹ ለመድረክ ጩኸት የተሠራ ነው። «ጊሚ ዛት ቡም» ቤት ውስጥ ብቻህን ሆነህ ስትሰማው ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንደተረሳ ድምፅ ማጉያ ነው።

ባለካሴቱ

ለአልበሙ የሰጠኸውን ፍርድ እቀበላለሁ። እኔም የድሮውን እመርጣለሁ። ስለ ደረጃው ግን አንድ ነገር አልታየህም። «ስማይል»ን ያሳተመው ማን መሰለህ? ኢርኤክ። በ1995 በካሴት የገዛሁትን ያሳተመው ያው የኖቲንግሃም ቤት። ያኔ 41ኛ ላይ አንዲት ደረጃ አጥተው ቀሩ። በ2023 በዚያው ቤት ስም 2ኛ ወጡ። ደጋፊ በአንድ ሳምንት ተባብሮ ገዛም አልገዛ፣ ያን ደጋፊ አንድ በአንድ የሰበሰበው በየመንደሩ አዳራሽ የተጫወተው ሰው ነው። ኩባንያ አልሰበሰበለትም።

ሻሸመኔ 77

በየካቲት 2024 ደግሞ ሞቦ፣ ማለትም መነሻቸው ጥቁር የሆኑ ሙዚቃዎችን የሚሸልመው ድርጅት፣ ሸፊልድ ላይ በአማራጭ ሙዚቃ ዘርፍ ሸለማቸው። በሬጌ ሳጥን ተገኙ፣ በሜታል መጽሔት ተሸለሙ፣ በጥቁሮች ሙዚቃ ሽልማትም ቆሙ። ሳጥኑ ሦስት ሆነ እንጂ አልጠፋም።

ጥያቄ አለኝ

የእኛ አገር ጃኖ ባንድም ተመሳሳይ አልነበረም? በ2012 «ኤርታሌ» ሲወጣ ሮክ የሚወዱት «ባህላዊ ነው» አሉ፤ ባህላዊ የሚወዱት «ጩኸት ነው» አሉ።

መዝገበ ጩኸት

ነበር! አዘጋጁም ቢል ላስዌል ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ደብ (ከሬጌ የወጣ ሙዚቃ) እና ሮክ ሲያቀላቅል የኖረ። ስለ ጃኖ ራሱን የቻለ ክር ክፈት፤ እመጣለሁ፤ እዚህ ካወራሁ አላቆምም።

የፒያሳው ተሽቀዳዳሚ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ በተለይ እርስዎን። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ በየትኛው አልበም ልጀምር? በጌሙ ላይ የሰማሁትን ዓይነት «ኖባዲ» አልበሙ ላይ አላገኘሁትም፤ ልዩነት አለው።

ድራም መቺው

ልክ ነህ፤ ጆሮህ አልሳተም። ጌሙ ላይ ያለው ሪሚክስ፣ ማለትም እንደገና የተቀናበረ፣ ነው። አልበሙ ላይ ያለው ከእሱ ይለያል። በ«ባቢሎን» ጀምር፤ ከዚያ «ሩትስ ሮክ ራየት»ን የ2007ን ስማ። «ዩኒየን ብላክ»ን፣ የ2011ን፣ ሦስተኛ አድርገው፤ የአሜሪካው ባንድ የፓፓ ሮች ድምፃዊ የገባበት «ዋርኒንግ» እዚያ አለ።

ባለካሴቱ

እኔ ግን በ«ፔይን» ጀምር እላለሁ። ካሴት ማጫወቻ ካለህ ፒያሳ ስመጣ አዋስሃለሁ። ሽፋኑን ተጠንቀቅ፣ ፕላስተሩ እየለቀቀ ነው።

የፒያሳው ተሽቀዳዳሚ

ማጫወቻ አለኝ፤ የአባቴ ነው። ያቺ ጌም ቤት የነበረችበት ቦታ ግን አሁን የለም፤ ሰፈሩ ፈርሶ መንገድ ሆኗል። ከቸርችል ጎዳና በላይ ካለው ኬክ ቤት በር ላይ እንገናኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ይመችዎታል?

ባለካሴቱ

ይመቸኛል። ኮፍያ አደርጋለሁ።